ተገልብጦ የተጣበቀ ሌንስ

የጋለ ብረት ሽታ አሁንም ከቦታዬ ያስነሳኛል። ባለፈው ሰሞን የውሃ ፓምፕ ዘንግ ላስጠርብ አቃቂ በሰቃ አንድ ብረት የሚጠረብበት ቶርኖ ቤት ገብቼ ነበር። ሠራተኛው ማሽኑን አስነስቶ ስለቱን ብረቱ ላይ ሲያሳርፈው ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሳ፤ የተቃጠለው ዘይት ከብረቱ ጋር ሆኖ አፍንጫዬን ሞላው። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ ሠራተኛው ማሽኑን እያጠፋ። «ምንም አይደል» ብዬ ወጣሁና ደጁ ላይ በተጣለ የመኪና ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያም ዘንጉን እዚያው ረስቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጎልማሳ ሰው ብረት ሸተተኝ ብሎ ዕቃውን ጥሎ የሚሄደው ምን ሆኖ ነው ትሉ ይሆናል። ላጫውታችሁ፤ ግን ደስ የሚል ጨዋታ አይደለም።

ያሳደገችኝ እህቴ ናት። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱም እናታችንም ያለፉት እኔ ገና ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው። እሷ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረችና እናትም አባትም ሆነችኝ። «እታለም» ነበር የምላት። ሥራዋ ጨርቅ ማየት ነው። ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ እየተሳበ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳተ ሽመና ትለቅማለች። ቀኑን ሙሉ አፍጥጣ ውላ ቤት ስትገባ ዓይኗ ደም ይመስላል፤ ቢሆንም እኔ ሸሚዜ ላይ የላላች ቁልፍ ካለች ከበሩ ላይ ሆና ታያታለች። «ማሙሽ፣ ያቺ ቁልፍ ልትወድቅ ነው» ትለኛለች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። ጢም አብቅዬም ማሙሽ ነበርኩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ጊዜ ዕቁብ ደረሳትና ካሜራ ገዛችልኝ። ሳሪስ ፎቶ ቤት ያለው ፎቶ አንሺ ሲጠቀምበት የቆየ፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ አንድ ሌንስ ብቻ ያለው። ሌንሱ ዙም ነው፤ ሲያሻው ሩቁን ይስባል፣ ሲያሻው ቤት ሙሉ ሰው ይይዛል። የእሷ ሐሳብ ሰርግና ልደት እያነሳሁ ራሴን እንድችል ነበር። ካሜራውን አልጋዬ ላይ አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገችና «በል እንግዲህ፣ መጀመሪያ የምታነሳው እኔን ነው። ዛሬ ግን አይሆንም፤ እንዲህ ተንጨብርሬ አልነሳም፤ ጸጉሬን ልሠራ» አለች። ሳቅን። እሷ ጸጉሯን እስክትሠራ እኔን ሌላ ነገር ይዞኝ ሄደ።

ሌላው ነገር ዝንብ ነበር። ሥራ ልለምድ ሳሪስ ስመላለስ አንድ ቀን ፎቶ አንሺው ሌንሱን ከካሜራው ፈትቶ ገለበጠውና የፊቱን መስታወት ከካሜራው አፍ ጋር ገጥሞ በእጁ ያዘው። ከዚያ ካሜራውን የሸሚዙ እጅጌ ላይ አስጠግቶ «ና እይ» አለኝ። ክሩ የመርከብ ገመድ አክሎ ታየኝ። «ሌንስ ሲገለበጥ አጉሊ መነጽር ነው፤ ለጨዋታ ያህል ነው እንጂ እንጀራ አይሆንም» ብሎ መልሶ ገጠመው። እኔ ግን ያቺ ክር ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ከዚያ ወዲያ መዋያዬ የአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን እርሻና ሣር የዋጠው አሮጌ የባቡር ሐዲድ ሆነ። ሌንሱን በግራ እጄ ገልብጬ ደግፌ በሆዴ እሳባለሁ። ተገልብጦ ሲያዝ ጠባዩም አብሮ ይገለበጣል፤ ሰፊውን ወደሚይዝበት ጫፍ ሲዞር ነው ይበልጥ የሚያጎላው፣ ሩቁን ወደሚስብበት ሲዞር ማጉላቱን ይቀንሳል። ወደ ውስጥ ብርሃን የምታስገባውን ከጀርባው ያለች ትንሽ ምላስ በክብሪት እንጨት ወጥሬ አቆማታለሁ፤ ያለዚያ ሁሉ ነገር ጨለማ ነው። ምስሉን የሚያጠራውም ቀለበት ማዞር ሳይሆን ሰውየው ራሱ ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዙ ነው። ከአራት ጣት የራቀ ጉም ነው፤ ከአራት ጣት የቀረበም ጉም ነው። በመካከል የሽንኩርት ልጣጭ የምታህል ስስ ቦታ አለች፤ የዝንቧ ዓይን እዚያች ላይ ሲገባ ትንፋሽ ይዞ መጫን ነው።

እሁድ እሁድ እህቴ ትከተለኛለች። ነጠላዋን ዘርግታ ነፋሱን ትከልልልኛለች፣ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ትይዝልኛለች። የዝንብ ክንፍ አንስቼ ሳሳያት «ውይ! ይሄማ ሽመና ነው! ጠረጴዛዬ ላይ ቢያሳልፉት አንድ ጉድለት አላገኝበትም» አለች። እሷን እንዲህ ደስ ሲላት ማየት ለእኔ ሌላ ደስታ ነበር። ሰፈሩ ግን መቀለጃ አደረገኝ። አንዲት ጎረቤታችን «ምነው ይሄ ልጅ፣ ሰው ጠፍቶ ነው ዝንብ የሚያነሳው?» ብትላት፣ እህቴ «ሰውማ ማንም ያነሳዋል» ብላ አፏን አስያዘቻት። ከእነዚያ ሁሉ እሁዶች የእሷ አንድ ፎቶ የለኝም። ቅጠል የያዙ ጣቶቿ በየፎቶው ዳር አሉ፤ እነሱም ደብዝዘዋል።

በእጅ መያዙ እያደር አታከተኝ። ሌንሱ ይንሸራተታል፤ በክፍተቱ አቧራ ይገባል፤ የአቃቂን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሌንሱንና የካሜራውን አፍ መክደኛ ይዤ አቃቂ በሰቃ ብረት የሚጠርቡ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሁለቱን የሚያያይዝ ቀለበት እንዲሠሩልኝ ነው የፈለግኩት። ሌንሱን እያገላበጡ አዩትና «የሚፈታ ይሁን የማይፈታ?» አሉኝ። የሚፈታ ከሆነ ቀለበቱ ላይ እየተጠመዘዘ የሚገባበት ጥርስ መውጣት አለበት፤ የሌንሱ ጥርስ ደቃቅ ስለሆነ ለእሱ የሚሆን ስለት አልነበራቸውም። «ከመርካቶ አስፈልጌ አመጣለሁ። አንድ ሳምንት ታገሠኝ» አሉ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ነበርና በማግሥቱ ጎመኑ በነፍሳት እንደሚሞላ አውቃለሁ። ያቺን እሁድ ላሳልፋት አልፈለግኩም። «አይፈታ፤ በማጣበቂያ ይጣበቅ» አልኳቸው።

«ልብ በል» አሉኝ ጣታቸውን አንስተው። «እኔ የሠራሁት አይላቀቅም።»

ኩራታቸው ነበር። ቀለበቱን ሲጠርቡት አጠገባቸው ቆሜ ያንን ሽታ ስስብ አረፈድኩ፤ እንደ ሽቶ ነበር የጣፈጠኝ። የመክደኛውን መሐል በስተው ቀለበቱ ላይ ደፉት፣ ቀለበቱን ከሌንሱ ግንባር ጋር ገጠሙት፣ ሁለት ዓይነት ማጣበቂያ ቀላቅለው ዙሪያውን ሞሉት። ሲደርቅ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ሰጡኝ። መክደኛው ግንባሩን ስለሸፈነው ከእንግዲህ ሌንሱ በቀናው ቢገጠም እንኳ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሩቅ አያይም። ሃያ ዓመቴ ነበር። አንድ ሳምንት መታገሥ ያቃተኝ ለዝንብ ነው።

ቤት ገብቼ ሳሳያት እህቴ ካሜራውን ተቀብላ ወደ እኔ አነጣጠረች። «ኧረ አትታይም፤ ጭጋግ ነው» አለች።

«ሩቅ አያይም እታለም፤ ለቅርብ ብቻ ነው።»

«ሰርጉስ?» አለች። ካሜራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰችልኝና «ይሁና» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አልተቆጣችም። ተቆጥታኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በማግሥቱ ሌላ ሌንስ ፍለጋ እወጣ ነበር።

በዓመቱ ሳል ጀመራት። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ሳንባ ነው ተባለ። ከምን እንደመጣ እስከ ዛሬ በውል አላውቅም። ከሥራ ቀረች። ሰውነቷ እያለቀ ሄዶ ጥር ሲገባ ከአልጋ መነሳት አቃታት። አንድ ዓርብ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ብርድ ልብሷ ላይ ተኝታለች፤ ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ። «ማሙሽ» አለችኝ፣ «ጸጉሬን ተሠራሁ።» እውነቷን ነው፤ ያቺው ጎረቤታችን መጥታ ሹሩባ ሠርታላት ነበር። «አሁን አንሳኝ።»

«ፎቶ አንሺውን ልጥራልሽ» አልኳት።

«ካሜራ እያለን? የገዛሁት ለማን ሆነና ነው? አንተ ነህ የምታነሳኝ።»

ካሜራውን ታቅፌ አቃቂ በሰቃ ድረስ ሮጥኩ። ባለሙያው ሲያዩኝ ነገሩ ገባቸው። «ነግሬህ ነበር እኮ ልጄ» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ኩራት አልነበረባቸውም። ቀለበቱን በእሳት አሞቁት፣ በስለት ጫፍ ጎረጎሩት። ድንገት መስታወቱ ጥግ ላይ ቀጭ አለና ሁለታችንም ደነገጥን። እጃቸውን አነሱ። «ከዚህ በላይ ከሄድኩ ይሰበራል። እህትህ ናት አልክ? እኔን አፈር ያርገኝ» አሉኝ። ከዚያ ሳሪስ ሄድኩ። ወሩ ጥር ነው፤ ፎቶ አንሺው ከሰርግ ሰርግ ሲዞር ነው የደረስኩበት። «ሰኞ ጠዋት በራሴ ካሜራ መጥቼ አነሳታለሁ፤ አንተም ቁልፉን ትጫናለህ» ብሎ ቃል ገባልኝ።

ስመለስ ፊቴን አይታ ሁሉንም ተረዳች። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው በቁራጭ በቁራጭ አንሳኝ» አለች። «ጨርቁም እኮ በአንድ ጊዜ አይታይም። እያለፈ፣ እያለፈ ነው የሚታየው።» በቀልድ አልነበረም የተናገረችው።

ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ ጀመርኩ። ከላይ ነው የጀመርኩት፤ የሹሩባዋ ሥር፣ ግንባሯ ላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ፣ ቅንድቧ፣ ጌጥ የሌለበት የጆሮዋ ቀዳዳ። ከፊቷ አራት ጣት ርቄ፣ የላቧንና የሽሮፑን ሽታ እየሳብኩ። ትንፋሿ መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል፤ እጠርገውና እንደገና እጠጋለሁ። ሳሉ ይመጣል፤ ያጠራሁት ሁሉ ይደበዝዛል። የቀኝ ዓይኗ እንደ ምንም ወጣልኝ። ግራው ግን እምቢ አለ። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ፣ ስምንት ጊዜ ሞከርኩ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ተናደድኩ። የተናደድኩት በራሴ ነበር፤ የወጣው ግን በእሷ ላይ ነው። «እታለም፣ አትንቀሳቀሺ እንጂ! ትንፋሽሽን ያዢ!» ብዬ ጮኽኩባት።

ያዘችልኝ። ጥቂት አየር ለማግኘት ስትታገል ለከረመች ሴት ትንፋሽሽን ያዢ አልኳት፣ እሷም እሺ ብላ ያዘች። እኔ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዝኩ ያቺን ስስ ቦታ እስካገኛት ድረስ፣ ከንፈሯ እስኪጠቁር ድረስ ያዘችልኝ። ፎቶው አሁንም አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ ሽፋሽፍቶቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ላጠፋው ስንት ጊዜ ተነስቼ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ስትለቀው ረጅም ሳል መጣባት። ደግፌ ውሃ አጠጣኋት። ሲበርድላት «ወጣ?» አለችኝ።

«ወጣ።»

«አፌንና አገጬን ነገ ታነሳለህ። አሁን ደከመኝ» አለች። እሁድ ጎህ ሲቀድ አረፈች።

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ያለ ፎቶ አይሆንም። የሟች ፎቶ ተልቆ፣ ፍሬም ገብቶ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ወዳጅ ዘመድ ደረቱ ላይ ይዞት እየዞረ ያለቅሳል። የዕድር ሰዎች የድንኳኑን ምሰሶ እያቆሙ «ፎቶስ ተዘጋጅቷል?» አሉኝ። ካሜራውን ይዤ ሳሪስ ሄድኩ። ፎቶ አንሺው የዕለቱን ሰርግ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠልኝ። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ደረደርን፤ ቅንድቡን ከግንባሩ፣ ጆሮውን ከሹሩባው ሥር። አንዱ ጨለማ ነው፣ አንዱ ብርሃን የበዛበት፤ አንዱ ከጎን የተነሳ፣ አንዱ ከላይ። ጉንጭ የለም፤ አፍንጫዋ ግማሽ ነው፤ አፍና አገጭ ጭራሽ የሉም። አንድ ሰዓት ታገልንና ወደ ኋላ ብዬ አየሁት። እሷ ናት ብዬ ልምል አልቻልኩም። ሰው ነው ብዬም ልምል አልቻልኩም።

ፎቶ አንሺው እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ፊት እንዲህ አይሠራም ወንድሜ። መታወቂያዋን አምጣ» አለኝ።

መታወቂያዋ ላይ ያለችው አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደንግጣ ካሜራውን ታያለች። ፎቶው ወይቧል፤ ማኅተሙ ደግሞ በቀጥታ አፏ ላይ አርፏል። ፎቶ አንሺው ማኅተሙን ሲያጠፋው አፏም አብሮ ጠፋ። ብዙ ሞከረ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ሙሽሮች የአንዷን አፍ ቆርጦ ገጠመላት። «ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ለቀስተኛው አያስተውልም» አለኝ ዓይኔን ሳያይ።

ለቀስተኛው አላስተዋለም። የፋብሪካ ጓደኞቿ ያንን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው «እህቴ! እህቴ!» እያሉ ድንኳኑን ዞሩ። እኔ ጥግ ቆሜ የማላውቃትን ሴት አፍ አያለሁ። የሙሽራ አፍ ስለሆነ ፈገግ ብሏል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጉድለቱን አይታ የምትጠቁም አንድ ሰው ነበረች፤ እሷንም ቀብረናት መምጣታችን ነው። እንባ አልወጣኝም። ሰዉ ደነዘዘ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ይዤ አላውቅም። ፎቶው ግን ይኸው ከግድግዳዬ ሳይወርድ አሥራ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። አንድን ነገር ዕለት ዕለት ስታዩት ከኖራችሁ እያደር ታምኑታላችሁ። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እህቴን ላስባት ስል የሚመጣልኝ ያ አፍ ነው፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ያነሳኋቸው ቁርጥራጮች ይንሳፈፋሉ። ድምጿ አለኝ። አረማመዷ አለኝ። ሽፋሽፍቷን ከሺህ ሰው ሽፋሽፍት እለየዋለሁ። ፊቷን ግን አላውቀውም። ይህን ለሚስቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም፤ ያሳደገችውን የእህቱን ፊት የረሳ ሰው ምን ይባላል?

ባለፈው እሁድ የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ መንገድ ዳር ባጃጅ እጠብቅ ነበር። አንዲት ሴትዮ እያነከሱ መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ከእህቴ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠሩ የነበሩ ናቸው፤ ሰፈር ከለቀቁ ቆይተዋል። እኔን ሳይሆን ልጄን ነው ያዩት። አገጯን በእጃቸው ይዘው ቀና አደረጓትና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ውይ! ውይ! እኔ ልሙት፣ ቁርጥ አክስቷን! ይቺን አፍ እዩዋት! ይቺን አገጭ! እንደው ከመቃብር ተነስታ የመጣች አትመስልም?» አሉ። ሁለት ጉንጯን፣ ከዚያ ግንባሯን ሳሟት። ባጃጅ አግኝተው ሲሄዱም ከውስጥ ሆነው ዞረው ያዩአት ነበር።

ልጄ የተሳመችውን ጉንጯን በእጅጌዋ እየጠረገች «አባዬ፣ እውነት እመስላታለሁ?» አለችኝ።

እዚያው አቧራው ላይ ተንበርክኬ አየኋት። አፏ ጥግ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ነበር። የላይኛው ከንፈሯ መሐሉ ላይ ትንሽ ገባ ያለ ነው፤ አገጯ ሾል ብሎ ያልቃል። ስፈልገው የኖርኩት ያ ከሆነ ይኸው ከነሕይወቱ ፊቴ ቆሟል፤ ተከፍቶ ይዘጋል፣ መልስ ይጠብቃል። አየሁት፣ አየሁት። ምንም አልመጣልኝም።

«አዎ የኔ ልጅ፣ ቁርጥ እሷን» አልኳት።